ደጅ የማትወጣ ድመት መስኮቷ እንዴት ይሁን?

ድመቴ ጉሜ ትባላለች። ግራጫ ናት። የመጣችልኝ ሐምሌ ላይ ነው። በሐምሌ ደሴ ጉም ለብሳ ነው የምታድረው፤ አንዳንድ ቀን ጦሳ ተራራ እስከ ረፋድ ድረስ ከናካቴው አይታይም። ስሟን ከዚያ ወሰድኩት። አሁን 4 ዓመቷ ነው። በእነዚህ 4 ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ደጅ ወጥታ አታውቅም።

ይሄን ስናገር የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ። እኛ ግቢ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፣ በመጀመሪያው ሰሞን «አንቺ ልጅ፣ እሷም እኮ የአላህ ፍጥረት ናት፤ ምን አድርጋሽ ነው የዘጋሽባት?» ብለውኛል። አልተቀየምኳቸውም። እኛ ዘንድ ድመት የምትመጣው አይጥ ልትይዝ ነው። ማታ ትወጣለች፣ ጠዋት ትገባለች። ከጉሜ በፊት የነበረችኝን እኔም እንደዚያ ነበር ያሳደግኳት። አንድ ቀን መርዝ የበላች አይጥ በልታ መጣች። በማግስቱ እቅፌ ውስጥ ሞተች። መርዙን ማን እንዳስቀመጠ አላውቅም፤ ያስቀመጠውም ሰው የእኔን ድመት አስቦ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማሳድጋት ድመት ደጅ አትወጣም አልኩ።

ግን ደጅ የማትወጣ ድመት ደጁን ማየት አለባት። መጀመሪያ ላይ ይሄን ቀላል አድርጌው ነበር። መጋረጃውን ገልጬ፣ ጉሜን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ፣ በቃ ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኪናዬም እዚያው መስኮት ስር ነው ያለው። ጉሜ ቀኑን ሙሉ ስታይ ዋለች። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ መጋረጃውን ቀደደችው፣ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ነከሰችኝ፣ በሩ ስር ሄዳ አለቀሰች። ለሳምንታት እንዲህ ሆነ።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? ተረቱ የሚነገረው ሰው ለመውቀስ ነው። ለድመቷ ግን ነቀፋ አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ቤት ብትውልም አዳኝ ናት። ታያለች፣ ታደፍጣለች፣ ትዘላለች፣ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ትልሳለች፣ ትተኛለች። መስኮት የሚሰጣት ማየቱንና ማድፈጡን ብቻ ነው። የቀረውን እኛ ካልሞላንላት መስኮቱ ያናድዳታል እንጂ አያጫውታትም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የትኛው መስኮት?

እኔ ያሉኝ ሁለት መስኮቶች ናቸው። አንዱ በአዝዋ ገደል በኩል ነው፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በእሱ ነው። ሌላው ወደ ጦሳ ያያል፤ ከስሩ መንገድ አለ። መጀመሪያ ለጉሜ የሰጠኋት የፀሐዩን ነበር። እሷ ግን ለመተኛት ብቻ ትሄድበታለች። ለማየት የምትመርጠው የመንገዱን ነው። ምክንያቱም እንቅስቃሴ አለው። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ወደ ሰኞ ገበያ የሚሄዱ አህዮች ያልፋሉ። በየሳምንቱ ከሁሉም ቀን የበለጠ የምትቀመጠው ሰኞ ነው።

የድመት ዓይን ከእኛ የተለየ ነው። ሩቅ ያለን ነገር አጥርታ አታይም። እኛ ከ30 ሜትር ለይተን የምናየውን እሷ የምትለየው ከ6 ሜትር አካባቢ ነው። ከአፍንጫዋ ስር፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውም ይደበዝዝባታል። በዚህ ፋንታ ትንሽ የተንቀሳቀሰች ነገር አታመልጣትም። ለማየት የሚበቃት ብርሃንም እኛ ከምንፈልገው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የጦሳን ውበት የሚያሳይ መስኮት ለእኛ ነው። ለእሷ ከ2 እስከ 6 ሜትር ባለው ርቀት አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ያስፈልጋታል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ዶሮ የሚጭርበት ጓሮ።

ሁለት መስኮት ካላችሁ ሁለቱንም ስጧት። ራሷ ትመርጣለች።

መቀመጫው

የመስኮታችን ደፍ ቀጭን ነው። ለካሁት፤ 12 ሳንቲ ሜትር። በዚያ ላይ ድመት ትቆም ይሆናል እንጂ አትቀመጥም። ተመቻችታ እንድትተኛ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ነገር ይፈልጋል።

ተከራይ ስለሆንኩ ግድግዳ መብሳት አልችልም። ያደረግኩት እንዲህ ነው። የተበላሸ አሮጌ ሲንጀር ነበረኝ። መኪናውን አነሳሁትና የብረት እግሩን ብቻ አስቀረሁ። ከላይ ጣውላ አሰርኩበት። ከፍታው ከመስኮቱ ደፍ ጋር ሊመጣጠን ትንሽ ቀረው፤ ከእግሮቹ ስር እንጨት ጨመርኩ። የሲንጀር እግር የሌላችሁ ጠንካራ ሳጥን ወይም አጭር ጠረጴዛ ይሆናል። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ አናጢ ጠርታችሁ ሁለት የብረት ማቆሚያ ግድግዳው ላይ በብሎን ያስይዝላችሁ፤ ጣውላውን ከላይ ታስቀምጡበታላችሁ።

ምንም ብትሠሩ ግን አይነቃነቅ። ድመት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ብትመዝን ነው፤ ዘልላ ስታርፍ ግን የምታሳርፈው ጫና ከዚያ ይበልጣል። መቀመጫው አንድ ጊዜ ከተወዛወዘባት ላትመለስበት ትችላለች። ጉሜ የመጀመሪያውን ሳጥን ትታው ሄዳ ሁለት ወር ቀና ብላ አላየችውም። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ተደግፋችሁ ፈትኑት።

ትራሱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሠራሁት። በልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ አይጠፋም። ልባሱን ሻካራ ጨርቅ አድርጉት፤ ጆንያም ይሆናል። ሳቲን ያንሸራትታል። እንዲታጠብ ዚፕ ግጠሙለት፤ የዚፑ ጫፍ ወደ ግድግዳው ይሁን። ዕድሜያቸው ለገፋ ድመቶች ደግሞ መሃል ላይ መርገጫ አስቀምጡ። ያረጀች ድመት መዝለል ሲያማት መስኮቱን ዝም ብላ ትተወዋለች፤ እኛ የሰለቻት ይመስለናል።

ወንፊቱና ክሩ

ድመት ሁልጊዜ በእግሯ ታርፋለች ይባላል። በአየር ላይ ትገለበጣለች፣ እውነት ነው። ነገር ግን በእግሯ አረፈች ማለት አልተጎዳችም ማለት አይደለም። መንጋጋዋ፣ ደረቷ፣ እግሯ ሊሰበር ይችላል። ዝቅ ካለ ቦታ ስትወድቅ ደግሞ ለመገልበጥ ጊዜ ላይኖራት ይችላል። ወፍ ያየች ድመት ከፍታውን አታሰላም።

እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሌላ ነው። እሷ ቤት መስኮት ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። መጀመሪያ የወጠረችው የፕላስቲክ ወንፊት ነበር፤ ድመቷ በሦስተኛው ቀን በጥፍሯ ተረተረችው። አሁን የሽቦ ወንፊት ነው ያለው። በእንጨት ፍሬም ላይ በትንንሽ ምስማር ተወጥሮ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይያዛል። በምስማር ግድግዳው ላይ አትምቱት፤ እሳት ቢነሳ በመስኮቱ መውጣት ሊኖርባችሁ ይችላል። የብረት ፍርግርግ አለን ብላችሁም አትተማመኑ። የግልገል ጭንቅላት ካለፈ ሌላው ገላዋ ያልፋል።

የእህቴ ድመት እዚያ ወንፊት ላይ ማታ ማታ መብራት ያመጣቸውን የእሳት ራቶችና እነሱን ሊበሉ የሚመጡ እንሽላሊቶች ታያለች። ለእሷ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ኮምቦልቻ ላላችሁ መስኮቱ የሚደምቀው ከመሸ በኋላ ነው፤ መጋረጃውን ቶሎ አትዝጉባት።

ስለ ክር ግን ሳልናገር አላልፍም። በእኔ ሙያ ይሄ ያስፈራኛል። የመጋረጃ ገመድ፣ የስፌት ክር፣ ሪባን፣ ሁሉም ለድመት አደገኛ ናቸው። የድመት ምላስ እሾሃም ነው፤ እሾኹም ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ክር አንዴ ከያዘች መትፋት ይቸግራታል፤ ትውጠዋለች። የተዋጠ ክር አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። መርፌ ካለበትማ የባሰ ነው። እኔ ክሮቼን ሁሉ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ሥራ ሳቆም መርፌዬን እቆጥራለሁ። ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትሳቡት። እንዳለ ይዛችኋት የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከመስኮቱ ማዶ

የሚታይ ነገር ከሌለ ማምጣት ይቻላል። ከጣሪያው ክፈፍ በሽቦ አንድ አሮጌ ሰሃን አንጠልጥያለሁ። ጠዋት አንድ እፍኝ ማሽላ ወይም የተከካ ስንዴ አደርግበታለሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ማንም አልመጣም። ከዚያ አንዲት ድንቢጥ መጣች። አሁን በጠዋት ሲንጫጩ ነው የምነቃው።

ሰሃኑ ከመስታወቱ ከ1 ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። ራቅ ብሎ ከተሰቀለ ወፎቹ ደንግጠው ሲነሱ ፍጥነት ያገኙና መስታወቱን ይመቱታል፤ ይሞታሉ። ቅርብ ከሆነ ገና ሳይፈጥኑ ነው የሚደርሱት። እህሉን ማታ አታሳድሩ። ያደረ እህል አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ መርዝ ያስጠራል። በክረምት የረጠበ እህል ይሻግታል፤ ሰሃኑን በየቀኑ እጠቡት።

ድንቢጥ ስትመጣ ጉሜን ብታዩአት! ሆዷ ጣውላው ላይ ይለጠፋል። ጆሮዎቿ ወደፊት ይቀናሉ፤ ጢሟ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ከዚያ የታችኛው መንጋጋዋ ይንቀጠቀጥና «ክክክክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይወጣታል። ብርድ የመታት ሰው ጥርስ ይመስላል። መጀመሪያ ስሰማው የታመመች መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ሕመም አይደለም፤ ብዙ ድመቶች ሊይዙት ያልቻሉትን ወፍ ሲያዩ እንዲህ ያደርጋሉ። ቁራ ሲመጣ ግን ድምፅ የለም። ያ ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው የደጋችን ቁራ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ ጉሜ ቀስ ብላ ትወርድና ከመኪናዬ ስር ትገባለች።

መስኮቱ ላይ አበባ ማስቀመጥ ለምትወዱ አንድ ነገር አደራ። ሊሊ የሚባለው አበባ ለድመት ገዳይ ነው፤ የአበባው ዱቄት ፀጉሯ ላይ አርፎ ብትልሰው እንኳ ኩላሊቷን ያጠፋዋል። ድመት ያለበት ቤት አይግባ። እሬትም ያሳምማታል። በምትኩ ገብስ አብቅሉላት። ለጠላ ብቅል እንደምታደርጉት አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፤ ከዚያ አፈር ባለው ጣሳ ውስጥ በትኑትና በስሱ አልብሱት። በሳምንት ውስጥ ለምለም ሳር ይሆናል። ጉሜ እየበላች ነው ወፍ የምትጠብቀው።

ያየችውን ትያዝ

ለእኔ ቤት ሰላም ያመጣው ይሄ ነው። ድመት በተለይ የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወፎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ማታም 12 ሰዓት አካባቢ፣ ለ10 ደቂቃ አጫውታታለሁ። ከሁለቱ የማታው አይዘለልም።

መጫወቻው እንጨት ጫፍ ላይ የተሰፋ ረዘም ያለ ወፍራም ጨርቅ ነው። የበዓል ዶሮ ሲታረድ ላባ አስቀርቼ ጫፉ ላይ እሰፋበታለሁ። ወደ ድመቷ አታምጡት። ወደ እሷ የሚሮጥ አይጥ የለም። ከእሷ ይሽሽ፣ ከወንበር ጀርባ ይደበቅ፣ ይቁም፣ ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀስ። የምትዘለው ቆሞ ሲንቀሳቀስ ነው። አንዳንዴ ያምልጣት። በመጨረሻ ግን ትያዘው። በአፏ ይዛው ትሂድ። ወዲያው ራቷን ስጧት። በልታ፣ ፊቷን ጠርጋ፣ ትተኛለች። የሌሊት 10 ሰዓቱ ልቅሶ በ2 ሳምንት ውስጥ ቆመ። ሲያልቅ መጫወቻውን ቁምሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ፤ ብቻዋን አልተውላትም።

ግድግዳ ላይ የሚሮጠውን የመብራት ነጥብ፣ ሌዘር የሚሉትን፣ አልመክርም። እሱም እንደ መስኮቱ ነው፤ አይያዝም።

ባዕድ ድመት ሲመጣ

ባለፈው ጥር አንድ ትልቅ ወንድ ድመት ከፊት ለፊት ጣሪያ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ጉሜ ጅራቷ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ሆነ። እኔ ላባብላት ብዬ ከጀርባዋ ዳሰስኳት። ዞር ብላ ክንዴን ቦጨቀችው፤ ምልክቱ አሁንም አለ። እኔን ጠልታ አይደለም። የተናደደችበት ከመስታወቱ ማዶ ነው፤ አልደረሰችበትም፣ የደረሰችው እኔ ላይ ነው።

እንዲህ ስትሆን አትንኳት፣ አትቆጧት። ትራስ ወይም ካርቶን በመሃል አድርጋችሁ መጋረጃውን ዝጉ። ክፍሉን አጨልሙላትና ውጡ። ጉሜ እስክትረጋጋ ከሰዓት በላይ ፈጅቶባታል። በማግስቱ የመስታወቱን ታችኛ ግማሽ በስስ ነጭ ጨርቅ ሸፈንኩት። ብርሃን ይገባል፣ ጣሪያው ግን አይታይም። ወንዱ ድመት ለ10 ቀን ያህል ተመላለሰ፤ ከዚያ ቀረ፣ ጨርቁን አነሳሁ። መስኮቱ ስር ሽንት መርጨት ከጀመረች፣ ወይም ከመስኮት መስኮት እየተመላለሰች ጅራቷን ካወናጨፈች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ድመት ነው። በተደጋጋሚ ከሸናች ግን ሕመምም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩአት።

ጉምና ብርድ

ሐምሌና ነሐሴ መስኮታችን ነጭ ወረቀት ነው። ምንም አይታይም። በዚያ ሰሞን ጨዋታውን በእጥፍ እጨምራለሁ። የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ትንንሽ ጥሬ ሥጋ እደብቅላታለሁ፤ በእጇ እየጎረጎረች ታወጣዋለች። ወጥ የነካው ሥጋ አይሁን፤ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ መስታወቱ ይበርዳል። ትራሱ ላይ አሮጌ ጋቢ እጨምራለሁ። ከሰል ለምታነዱ፣ እባካችሁ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ ሰውንም ድመትንም።

ግድግዳ የሚያይ መስኮት

እማማ ያው ተቆጥተውኝ የነበሩት ናቸው። አምና ድመታቸውን ባጃጅ ገጫት። ተረፈች፤ ግን አንድ እግሯ ያነክሳል፣ ደጅ መውጣት አልቻለችም። እሳቸውም እኔ ጋ መጡ። «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች፤ ምን ላድርግላት?» አሉኝ።

የእማማ መስኮት የሚያየው የብሎኬት አጥር ነው። ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ሌላ ምንም የለም። ከመስኮቱ ስር ሁለት መርገጫ ያለው መቀመጫ ሠራንላት፤ ስለምታነክስ እያንዳንዱን መርገጫ ከአንድ ስንዝር ብዙ አላስበለጥነውም። ከክፈፉ ላይ የጨርቅ ቁራጮች አንጠለጠልኩ፤ ሰማያዊና ቢጫ። ድመት ቀዩን በደንብ አትለየውም፣ እነዚህን ግን ታያለች። ንፋስ ሲመጣ ይወዛወዛሉ። አጥሩ ላይ ሁለት ሰሃን አስቀመጥን፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ማሽላ። የገብስ ጣሳም ሰጠኋቸው።

ውሃው ነው ወፎቹን ያመጣቸው። በተለይ በበጋ ከእህሉ ይልቅ ውሃውን ይፈልጋሉ።

ባለፈው ዓርብ ቡና ጠሩኝ። ገብቼ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» ስል ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ድመቷ መቀመጫው ላይ ተለጥፋ «ክክክክ» ትላለች። እማማ መጋረጃውን በአንድ እጃቸው በስሱ ገልጠው ይዘውላታል። «ቀስ በይ» አሉኝ፣ «እየታጠበች ነው፤ እንዳትበር።»